ኩይሳው የደበቀው እርጥበት

ሳጥኑ የጎደለው ነገር ያለ አይመስልም ነበር። መስታወቱ፣ ስስ አሸዋው፣ ከላይ የሚያሞቀው አምፖል፣ የውሃው ጣሳ ሁሉም ተሟልቷል። በአውሮፓና በአሜሪካ የአፍሪካን የሣር ምድር አርጃኖ በቤታቸው የሚያሳድጉ ሰዎች ለረጅም ጊዜ እንስሳውን የያዙት እንዲህ ነበር። አርጃኖው ግን ከሳ። አሮጌው ቆዳ ከጣቶቹ አልላቀቅ ብሎ እንደ ክር አነቃቸው፤ ኩላሊቱም ከዳው። ውሃ ረጩበት፤ አምፖሉ ወዲያው አደረቀው። ጣሳውን በገንዳ ለወጡት፤ እሱም አልበጀም። “የሣር ምድር እንስሳ ስለሆነ ድርቀት ይስማማዋል” የሚል ግምት ነበራቸው። ውሃ እየጠጣ ከውስጥ የሚያደርቀው ምን ነበር?

ፍንጩ ከብዙ ዓመት በፊት ናታል ውስጥ፣ በደቡብ አፍሪካ ተገኝቶ ነበር። ሬይመንድ ካውልስ እዚያው ከሚሲዮናውያን ቤተሰብ የተወለደ የእንስሳት ተመራማሪ ነበር። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. የዘመዱን፣ የናይል አርጃኖን ኑሮ መከታተል ጀመረ። የዚህ አርጃኖ እንቁላል ቅርፊቱ ለስላሳ ነው፤ ዙሪያው ከደረቀ ይጨማደዳል። ለመፈልፈል ደግሞ ወደ 10 ወር ይፈጅበታል። በጋውን ሙሉ እርጥበት ሳያጣ መክረም አለበት ማለት ነው።

የዚህን ክብደት ለፎገራ ሰው መንገር አያስፈልግም። ይኸው አርጃኖ በጣና ዳርም ይኖራል። ከአንበሳሜ ከተማ ወዲያ፣ በጉማራ ወንዝ ግራና ቀኝ፣ ክረምት ጎርፍ የሚተኛበት ጥቁር መሬት በጋ ላይ እግር እስኪያስገባ ይሰነጠቃል። በእንዲህ ያለ በጋ እንቁላል የት ይከርማል?

ካውልስ መልሱን ያገኘው ኩይሳ ውስጥ ነበር። ሴቷ ዝናብ ያለሰለሰውን ኩይሳ በጥፍሯ ቦርቡራ፣ እንቁላሏን ጥላ ሄደች። እስከ 60 የሚደርስ እንቁላል ጠባቂ በሌለው ጉድጓድ ቀረ።

ጠባቂዎቹ ግን ውስጥ ነበሩ። ምስጥ ደረቅ አየር ይገድለዋልና ቤቱ ሲቀደድ ዝም አይልም። ሠራተኞቹ እርጥብ ጭቃ በአፋቸው እያመላለሱ፣ አንዷን ቅንጣት በሌላዋ ላይ እየለጠፉ ቀዳዳውን ደፈኑት። የደፈኑት ለራሳቸው ነው፤ እንቁላሎቹ ግን ሙቀቱና እርጥበቱ በማይናጋ ጓዳ ታሸጉ። ጫጩቶቹ የወጡት የሚቀጥለው ዝናብ ግድግዳውን ሲያለሰልሰው ነበር።

ካውልስ ግኝቱን በ1928 እ.ኤ.አ. “ሳይንስ” በተባለው መጽሔት አወጣው። አርጃኖ አሳዳጊዎች ያንን ጽሑፍ ልብ ብለውት ቢሆን ኖሮ ስንት እንስሳ በተረፈ! በ1990ዎቹ እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ዳንኤል ቤኔት በጋና ሜዳ የሣር ምድሩን አርጃኖ ሲከታተል ያገኘውም ከምድር በታች፣ በጉድጓድ ውስጥ ነበር። እርጥበቱ መፈለግ የነበረበት ከአፈር ነው፤ አሳዳጊዎቹ ግን አየሩን ሲያርሱ ኖሩ። ቀስ በቀስ አሸዋው ተጠርጎ ወጣ፤ በምትኩ ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ ጥልቀት ያለው እርጥብ አፈር ገባ። አርጃኖውም ቆፍሮ ገባበት፤ ቆዳውም በጊዜው ይላቀቅ ጀመር።

በደራና በፎገራ ለእርሻ ብላችሁ ኩይሳ የምታፈርሱ ወገኖች፣ ቆዳ መሰል ነጭ እንቁላል ካጋጠማችሁ አታገላብጡት፤ በዚያው እርጥብ አፈር መልሳችሁ ድፈኑት።