ከዝናብ በኋላ የሚበሩት ጉንዳኖች

ዝናቡ አባርቶ ፀሐይ ስትወጣ፣ ነፋሱም ጋብ ሲል፣ ክንፍ ያላቸው ጉንዳኖች ከመሬት እንደ አሸን ሲፈሉ እናያለን። ይህ የጋብቻ በረራቸው ነው። ከዚያ በኋላ ወንዶቹ ይሞታሉ፤ ንግሥቲቱ ክንፏን ጥላ በረጠበው አፈር ውስጥ አዲስ ጎጆ ትመሠርታለች።

እንጨት የሚበላው ምስጥም እንዲሁ ስለሚበር፣ መድኃኒት ከመርጨታችን በፊት እንለይ። የጉንዳን ወገብ ቀጭን፣ የፊት ክንፉም ከኋላው የረዘመ ነው። የምስጥ ወገብ ግን ወፍራም ሲሆን አራቱም ክንፎቹ እኩል ናቸው።

ልጆቻችን ቀኑን፣ ሰዓቱን፣ ዝናቡንና ነፋሱን በደብተር ይመዝግቡ። ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍ የሚለው እንጦጦ ከታችኛው የካ ይበልጥ ስለሚቀዘቅዝ፣ የሁለቱን ቦታ መዝገብ ያነጻጽሩ። በቁርኣን በጉንዳን የተሰየመች ሱራ፣ አን-ነምል፣ አለችና ይህች ትንሽ ፍጥረት ልትስተዋል ይገባታል።