ፍልስፍና ደረሰኝ፣ ፊዚዮቴራፒ ደረሰኝ

የዲፓርትመንት ምደባ ሲለጠፍ «ፍልስፍና ደረሰኝ» የሚል ተማሪ ወደ ቤት ለመደወል አይቸኩልም። ቢደውልም የሚጠብቀውን ጥያቄ ያውቀዋል፤ «እሱ ደግሞ ተምረህ ስትጨርስ ምን ያሠራሃል?» «ፊዚዮቴራፒ ደረሰኝ» የምትለው ጓደኛው በበኩሏ ጤና ስለገባች ቤቱ እልል ይልላታል። እልልታው ግን ትምህርቱ ምን እንደሆነ መጠየቅ እስኪጀመር ድረስ ነው። ዶክተር ልትሆኚ ነው? ነርስ? ማሸት ነው የሚያስተምሯችሁ? ለወጌሻ ደግሞ ዲግሪ ምን ያደርግለታል?

ሁለቱ ትምህርቶች አብረው ሲነሱ እምብዛም አይሰማም። ከአዲስ ገቢው ተማሪ 70 በመቶው ወደ ሳይንስና ቴክኖሎጂ፣ 30 በመቶው ወደ ማኅበራዊና ሰብአዊ ሳይንስ እንዲመደብ ያዘዘው ፖሊሲ በ2000 ዓ.ም. ገደማ ከመጣ ወዲህ አንዱ አገር የሚገነባ፣ ሌላው የተረፈ ወንበር የሚሞላ ተደርጎ መታየት ጀመረ። እኔ ግን የሁለቱ ችግር አንድ ነው ባይ ነኝ። ፕሮግራሙን ከፍተን፣ መምህር ቀጥረን፣ ተማሪ መድበን ስናበቃ ከግቢው በር ውጭ የሚቆሙበትን ቦታ ሳናበጅላቸው ቀርተናል። ይባስ ብሎ እርስ በርስ እንደሚፈላለጉ ሥርዓተ ትምህርቱ ራሱ የጠረጠረ አይመስልም።

ፍልስፍና በኢትዮጵያ ዩኒቨርሲቲ ቤተኛ እንጂ እንግዳ አይደለም። በ1943 ዓ.ም. ሥራ የጀመረውን የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ እንዲመሩ የተጠሩት ካናዳውያን የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህናት ነበሩ። ከመካከላቸው ክላውድ ሰምነር እ.ኤ.አ. በ1953 መጥተው የዕድሜያቸውን ሰፊ ድርሻ እዚሁ በማስተማር አሳለፉ። እ.ኤ.አ. ከ1974 እስከ 1982 ድረስ ስለ ኢትዮጵያ ፍልስፍና አምስት ቅጽ አሳትመው፣ ከውጭ ተተርጉመው ወደ ግእዝ የገቡትን የጥበብ መጻሕፍትና የዘርዓ ያዕቆብን ሐተታ ለእንግሊዝኛ አንባቢ አቀረቡ።

ሐተታው እስከ ዛሬ ያከራክራል። ጽሑፉ እንደሚለው ዘርዓ ያዕቆብ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ከአክሱም ሸሽቶ፣ ዋሻ ገብቶ፣ የየሃይማኖቱን ትምህርት በልቡናው ብርሃን የመረመረ ሰው ነው። ዛሬ ፓሪስ የሚገኘውን ቅጂ ለፈረንሳዊው አሳሽ ለአንትዋን ዳባዲ የላከው ግን በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን እዚህ የነበረ ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የሚባል ጣሊያናዊ ካፑቺን ነው። ጣሊያናዊው የኢትዮጵያ ጥናት ምሁር ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ እ.ኤ.አ. በ1920 ድርሰቱም የዚሁ መነኩሴ ነው ብሎ ጻፈ፤ ሰምነር ይህን ለማፍረስ ብዙ ደከሙ፤ ክርክሩ በቅርብ ዓመታትም እንደገና ግሏል። ለፍልስፍና ተማሪ ከዚህ የተሻለ ላቦራቶሪ ከየት ይመጣል? የግእዝ ዕውቀት፣ የብራና ጥናት፣ የማስረዳት ግዴታው የማን ነው የሚለው ጥያቄ፣ ብሔራዊ ኩራት ፍርድን እንዴት እንደሚያጣምም፣ ሁሉም አንድ ጉዳይ ላይ ተከማችቷል።

አብዮቱ ሲመጣ ዩኒቨርሲቲው ለእድገት በኅብረት ዘመቻ ተዘጋ። ሲከፈት ማርክሲዝም ሌኒኒዝም የሁሉም ተማሪ ኮርስ ሆኖ ጠበቀ፤ መልሱ አስቀድሞ የታወቀ ትምህርት ፍልስፍና ተብሎ መሰጠቱ ዲፓርትመንቱ ላይ የጣለው ጥላ ቶሎ የሚገፈፍ አልነበረም። ከዚያ ዘመን መምህራን መካከል መሳይ ከበደ እ.ኤ.አ. እስከ 1993 አስተምረው ኋላ አሜሪካ ገቡ። በ1990ዎቹ ዓ.ም. ደግሞ የፍልስፍና ሰው የሆኑት እንድርያስ እሸቴ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዚዳንት ሆኑ።

ዛሬ ፍልስፍና ብዙ ሰው የሚያገኘው በዲፓርትመንቱ በኩል አይደለም። የፍሬሽማን ዓመት በ2012 ዓ.ም. ሲመለስ ክሪቲካል ቲንኪንግ ከጋራ ኮርሶች አንዱ ሆነ፤ ስለዚህ ኢንጂነሩም፣ አካውንታንቱም፣ የወደፊቷ ፊዚዮቴራፒስትም አንድ ሴሚስተር ከሎጂክ ጋር ይገናኛሉ። ወርቃማ ዕድል ነበር። በብዙ ክፍሎች ግን ኮርሱ የስህተት ክርክር ዓይነቶችን የላቲን ስም ወደ መሸምደድ ወርዷል፤ አድ ሆሚነም ምን እንደሆነ ተርጉሞ ነጥብ የሚያገኝ ተማሪ ማታ ዶርም ገብቶ በፌስቡክ ያንኑ አድ ሆሚነም ሲፈጽም ያድራል። በዚያው የፍሬሽማን ዝርዝር ውስጥ የአካል ብቃት የሚባልም ኮርስ አለ። አእምሮ በአንድ ክፍለ ጊዜ፣ አካል በሌላ።

ወደ ፊዚዮቴራፒ እንሻገር። ሙያው ከዲግሪው በፊት እዚህ ነበር፤ በር የከፈተለትም ድሎት ሳይሆን ሥጋ ደዌ፣ ፖሊዮና የወሊድ ጉዳት ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 መናገሻ ላይ የተጀመረው የቼሻየር ማእከል በፖሊዮ እግራቸው የሰለለ ሕፃናትን ይቀበል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1965 የተመሠረተው አለርት ሥጋ ደዌ ነርቫቸውን የጎዳባቸው ሰዎች ጣታቸውን ዳግመኛ እንዲያዝዙ፣ ስሜት ያጣ እግራቸውንም በዓይን እየጠበቁ እንዲኖሩ ማሠልጠን ነበረበት። በሐምሊን ፊስቱላ ሆስፒታል ደግሞ ከቀዶ ሕክምናው እኩል የሚፈለግ ሥራ አለ። ከተራዘመ ምጥ በኋላ ወራት ኩርምት ብላ የተኛች ሴት ጉልበቷ ሳይዘረጋ፣ የተልፈሰፈሰ እግሯ ሳይበረታ ፊስቱላው ብቻ ቢሰፋላት ቆማ ወደ ቤቷ አትሄድም።

የመጀመሪያ ዲግሪ ፕሮግራሙ በ1990ዎቹ ዓ.ም. ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ተጀመረ፤ ከ1947 ዓ.ም. ጀምሮ የጤና ባለሙያ ሲያፈራ ለኖረ ግቢ የሚገባ ነገር ነበር። ኋላ ጎንደር ከካናዳው ኩዊንስ ዩኒቨርሲቲ ጋር ተባብሮ የኦኩፔሽናል ቴራፒን ትምህርትም አስጀምሯል።

ተመራቂው ወደ ሥራ ሲወጣ የሚገጥመው ተፎካካሪ ግን ነርስም ሐኪምም አይደለም፤ ወጌሻው ነው። በእግር ኳስ ሜዳ እንኳ ቦርሳ ይዞ የሚሮጠውን ባለሙያ ተመልካቹ የሚጠራው በዚሁ ስም ነው። ወጌሻን የሚንቅ ፊዚዮቴራፒስት መንደሩን አያውቅም። ሰውዬው በሌሊት ይገኛል፣ ዘመድ ነው፣ በሽተኛውን ሲዳስስ ያወራዋል። አደጋው ያለው ስብራቱን በሸምበቆ አጥብቆ ማሰሩ ላይ ነው፤ ደም ተቋርጦ እጅ ወይም እግር ይሞትና በመቁረጥ ያበቃል። እዚህ አገር የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2005 የታተመ ጥናት ለወጌሾች የተሰጠ አጭር ሥልጠና ይህን ጉዳት እንደቀነሰ አሳይቷል። ከማሳደድ ይልቅ ማስተማር ይበልጥ አዋጭ ነበር ማለት ነው። የጥናቱ ትምህርት ግን ወደ ሰፊ አሠራር ሲለወጥ አላየንም።

አሁን ሁለቱ ትምህርቶች የሚገናኙበት ቦታ ላይ ደረስን፤ ሕመም ላይ።

ሬኔ ዴካርት ከሞተ በኋላ እ.ኤ.አ. በ1664 በታተመ መጽሐፉ እግሩን ወደ እሳት ያስጠጋ ሰው ሥዕል አለ። እሳቱ እግሩን ሲነካ ክር ይጎተታል፣ አእምሮ ውስጥ ደወል ይደወላል፤ ሕመም ማለት ይኸው ነው። ሥዕሉ ለሦስት መቶ ዓመታት ያህል የሕክምናን አስተሳሰብ ገዛ። የተጎዳው ሥጋ መጠን የሕመሙን መጠን ይወስናል የሚለው እምነት ከዚያ የመነጨ ነው፤ ዛሬም አዲስ አበባ ውስጥ ኤምአርአይ ተነሥቶ «ዲስክህ ተንሸራቷል» የተባለ ሰው ከዚያ ቀን ጀምሮ ጎንበስ ማለት የሚፈራው በዚሁ እምነት ነው። የሕመም ተመራማሪዎቹ ሮናልድ ሜልዛክና ፓትሪክ ዎል እ.ኤ.አ. በ1965 የሕመም መልእክት በህብለ ሰረሰር ላይ እንደ በር በሚከፈትና በሚዘጋ ሥርዓት እንደሚያልፍ፣ ከአእምሮ የሚወርድ ነገርም በሩን እንደሚያዝዘው ሲጽፉ የዴካርት ክር ላላ።

እ.ኤ.አ. በ2015 የታተመ የጥናቶች ግምገማ ደግሞ ጭራሽ ወገቡን የማያመውን ሰው ተመለከተ። ምንም ሕመም ከሌላቸው የ20 ዓመት ወጣቶች በ37 በመቶው፣ ከ80 ዓመት አዛውንት በ96 በመቶው የዲስክ መድከም በምስል ታየ። እንግዲህ ምስሉ ላይ የታየው ነገር የሕመሙ ምክንያት ነው የሚለው ድምዳሜ ምን ዓይነት ክርክር ነው? የፍሬሽማን ሎጂክ የሚያስፈልገው እዚህ ጋ ነበር። አብሮ መገኘት መንሥኤ መሆን አይደለም። የላቲን ስም ከመሸምደድ ይልቅ ይህን አንድ ምሳሌ አምጥቶ ሁለት ሳምንት የሚከራከር ክፍል ቢኖር ከመቶ ገጽ ሞጁል በበለጠ ያስተምራል።

ፈላስፎችም ከክሊኒክ ተምረዋል። ሞሪስ ሜርሎ ፖንቲ እ.ኤ.አ. በ1945 ባሳተመው ሥራው ስለ ሰው አካል የጻፈው እጃቸው ተቆርጦ ሳለ እጃቸውን የሚያማቸውን ሰዎች ጉዳይ እየመረመረ ነው። አካል የምንይዘው ዕቃ ሳይሆን ዓለምን የምናገኝበት መንገድ ነው የሚለው ሐሳቡ እግሩ የተቆረጠን ሰው ከሰው ሠራሽ እግር ጋር የምታለማምድ ፊዚዮቴራፒስት በየቀኑ የምታየው ነገር ነው። በጥቅምት 2015 ዓ.ም. በፕሪቶሪያ ስምምነት የቆመው የሁለት ዓመት ጦርነት ስንት ወጣት እግሩን አጥቶ እንደተመለሰ ለሚያስብ ሰው ጉዳዩ የመጽሐፍ ብቻ አይሆንበትም።

ይህ ግንኙነት እዚህ ብቻ የሚታሰብ ቅዠት አይደለም። አሜሪካ በአንደኛው የዓለም ጦርነት ቁስለኞቿን የሚያነሣ ባለሙያ ሲያስፈልጋት፣ እ.ኤ.አ. በ1918 ትልቁን ሥልጠና ያስተናገደው የሕክምና ትምህርት ቤት ሳይሆን ፖርትላንድ ኦሪገን የሚገኘው ሪድ የተባለ ትንሽ የሊበራል አርት ኮሌጅ ነበር። እዚያ ካስተማሩት አንዷ ሜሪ ማክሚላን ኋላ የሙያው ማኅበር የመጀመሪያዋ ፕሬዚዳንት ሆነች። ዛሬ በዚያች አገር ሙያው የሚገኘው ከመጀመሪያ ዲግሪ በኋላ በሚሰጥ የዶክትሬት ፕሮግራም ስለሆነ በፍልስፍና የተመረቀ ወጣት የአናቶሚ፣ የፊዚክስና የኬሚስትሪ ቅድመ ኮርሶችን ካሟላ ማመልከት ይችላል። ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ሐበሻ ወላጆች ይህ የምሥራች ሊሆን ይገባ ነበር፤ «ፍልስፍና ላጥና» ያለ ልጅ የጤናን በር ዘጋ ማለት አይደለም።

ከዚህ ተነሥቶ እዚያ ለመሥራት የሚያመለክት ፊዚዮቴራፒስትም ያልጠበቀው ነገር ይገጥመዋል። ትራንስክሪፕቱን የሚመዝኑት ተቋማት ከሙያ ኮርሶቹ ሌላ የሰብአዊና የማኅበራዊ ሳይንስ ክሬዲትም ይፈልጋሉ። ግቢ ሳለ «ይህቺን ኮርስ ብቻ ልገላገላት» ያላት ሎጂክ እዚያ ትቆጠርለታለች።

የሚሰደደው ግን ለምን ይሰደዳል? የዓለም ጤና ድርጅት በዓለም ላይ 2.4 ቢሊዮን ሰው የተሐድሶ ሕክምና የሚጠቅመው የጤና ችግር እንዳለበት፣ በብዙ ድሃ አገሮች ግን ለአንድ ሚሊዮን ሕዝብ ከ10 ያነሱ ባለሙያዎች እንዳሉ ይናገራል። ፍላጎቱ እንዲህ ተቆልሎ ሳለ ሥራ የሚጠፋው በሽተኛ ስለሌለ አይደለም። መደብ የለም፤ በጀት የለም፤ ሐኪሙም ስትሮክ የመታውን ሰው መድኃኒት ጽፎ ሲያሰናብት ወደ ፊዚዮቴራፒ መላክን አይለምድም። የፍልስፍናው ተመራቂም እንዲሁ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶቻችን ፍልስፍናን ራሱን ችሎ አያስተምሩም፤ ሆስፒታሎቻችን የሥነ ምግባር አማካሪ የመቅጠር ልማድ የላቸውም። ከዚያ ዞረን ትምህርቱ አያበላም እንላለን።

ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሁለቱም ተመራቂዎች አንድ ዓይነት ፈተና ፊት ይቀመጣሉ። የመውጫ ፈተናው የምርጫ ጥያቄ ነው፣ ማለፊያው 50 በመቶ ነው። ፈታኙ የአንዱን ክርክር አንብቦ፣ የሌላዋን እጅ በሽተኛ ላይ አይቶ አይደለም የሚያሳልፋቸው። ፈተናው ይቅር አልልም፤ ደካማ ፕሮግራሞችን አጋልጧል። ይሁንና መምህራን ወደ ፈተናው ማዘንበላቸው አይቀርም፤ ያኔ መጀመሪያ የሚቆረጠው በሀ፣ በለ፣ በሐ የማይመለሰው ነገር ነው።

ለተመራቂዎቹ መደብና በጀት እስኪገኝ ድረስ ሁለቱን ትምህርቶች የሚያገናኝ አንድ የምርጫ ኮርስ፣ ስለ ሕመምና ስለ አካል፣ መክፈት አዲስ ሕንፃ አይጠይቅም። ራስ ገዝ የሆነው አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ቢጀምረው ይቀለዋል። ፍልስፍናው ስድስት ኪሎ ነው፣ የጤና ተማሪዎቹ ጥቁር አንበሳ ናቸው፤ ከአንዱ ወደ ሌላው በእግር ከአንድ ሰዓት በታች ይደረሳል።