ደጅ የሚጠናው የጃማይካ ቋንቋ

የጃማይካ ሕፃን አፉን የሚፈታው በፓትዋ ነው። እናቱ የምትቆጣውም አያቱ ተረት የምትነግረውም በዚሁ ቋንቋ ነው። ትምህርት ቤት ሲገባ የሚጠብቀው መጽሐፍ ግን በእንግሊዝኛ ተጽፏል፤ ማንበብና አዲስ ቋንቋ ባንድ ላይ ይጫኑበታል። በለመደው አነጋገር ሲመልስም “አስተካክለህ ተናገር” ይባላል። አገሪቱ ነፃ የወጣችው እ.ኤ.አ. በ1962 ነው፤ የሕዝቡ ቋንቋ ግን ዛሬም የመንግሥትን ደጅ ይጠናል።

ፓትዋ የበቀለው በሸንኮራ እርሻ ላይ ነው። እንግሊዞች በ1655 ደሴቲቱን ከስፔን ከነጠቁ በኋላ ከምዕራብ አፍሪካ በባርነት የተጋዙት ሰዎች እርስ በርስ የሚግባቡበት አንድ ቋንቋ አልነበራቸውም። አብዛኛውን ቃል ከጌቶቻቸው እንግሊዝኛ ወሰዱ፤ ከአካንና ከሌሎች የአፍሪካ ቋንቋዎች ያመጡትን ጨመሩበት፤ የራሱ ሥርዓት ያለው ቋንቋም ሠሩ። ግሱ በጊዜ አይለዋወጥም፤ ያለፈውንና በመሆን ላይ ያለውን የሚለዩት ከፊቱ የሚገቡ ትንንሽ ቃላት ናቸው። ይህን “የተበላሸ እንግሊዝኛ” ማለት ሥርዓቱን አለማየት ነው።

ሕዝቡ ሚስ ሉ የሚላት ገጣሚ ሉዊዝ ቤኔት ይህን ንቀት በመድረክ፣ በራዲዮና በቴሌቪዥን ዕድሜዋን ሙሉ ታገለችው። የቋንቋ ምሁሩ ፍሬድሪክ ካሲዲ ቋሚ የአጻጻፍ ሥርዓት አበጀለት። በ2012 አዲስ ኪዳን ሙሉውን በፓትዋ ታተመ። ራስተፈሪያንም የቅኝ ገዢውን አነጋገር እንዳለ አልቀበልም ብለው የራሳቸውን ቃላት ፈጠሩ፤ ከእነሱ መካከል ሻሸመኔ የሰፈሩት ጃማይካውያን ፓትዋቸውን ይዘው ነው የመጡት።

የዌስት ኢንዲስ ዩኒቨርሲቲ የጃማይካ ቋንቋ ክፍል በ2005 ባካሄደው ጥናት ከ10 ሰው ወደ 7ቱ ፓትዋ ከእንግሊዝኛ ጎን የመንግሥት ቋንቋ እንዲሆን ደግፈዋል። የሚቃወሙ ወላጆች ስጋት አላቸው፦ ሥራም፣ ዩኒቨርሲቲም፣ ውጭ አገርም የሚገኘው በእንግሊዝኛ ነው። ይህ ስጋት የኑሮ ነው፤ ሊናቅ አይገባም። ነገር ግን ከ2004 ጀምሮ በጥቂት አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች የተሞከረው የሁለት ቋንቋ ትምህርት እንግሊዝኛን አላስወጣም፤ ሁለቱን ጎን ለጎን አስተማረ። ልጁ የሚያውቀውን ይዞ ወደማያውቀው ይሻገር ማለት ነው።

ከሁሉ የሚከብደኝ የፍርድ ቤቱ ነገር ነው። ዜጋው እንግሊዝኛ ይሰማል ተብሎ ስለሚገመት በፓትዋ ብቻ የሚናገር ምስክር ቃሉ በትክክል መተርጎሙን የሚያረጋግጥለት መብት የለውም። በ2011 የወጣው የመብቶች ቻርተር በዘር፣ በሃይማኖት፣ በማኅበራዊ መደብ ማዳላትን ሲከለክል ቋንቋን ከዝርዝሩ ተወው።

ጃማይካ በቅርብ ዓመታት የብሪታንያን ንጉሥ ከርዕሰ ብሔርነት ለማንሳት ሕገ መንግሥቷን ስትመረምር ቆይታለች። የቋንቋው ጉዳይም በዚሁ ውይይት ይነሳ። ሕጉ እስኪጸድቅ ግን ለፍርድ ቤቶች አስተርጓሚ መመደብ፣ ለአንደኛ ክፍል መምህራንም በሁለቱ ቋንቋ ሥልጠና መስጠት ይቻላል።