ስሙን በሸክላ ላይ ያተመው ሰው

የታሪክ መምህራችን ስለ እንግሊዝ አገር የኢንዱስትሪ አብዮት ጽሑፍ እንድናዘጋጅ ባዘዙን ጊዜ ጓደኞቼ የእንፋሎት ሞተርንና ምድር ባቡርን መረጡ። እኔ ሸክላ ሠሪውን ጆሳያ ዌጅዉድን በመምረጤ ብዙዎች ሳቁብኝ። ምክንያቴን ከታሪኩ በኋላ እገልጻለሁ።

ዌጅዉድ እንደ አውሮፓውያን አቈጣጠር በ1730 ዓ.ም. በስታፎርድሺር አውራጃ፣ በርስለም በምትባል ከተማ፣ ከሸክላ ሠሪ ቤተ ሰብ ተወለደ። በልጅነቱ የያዘው ፈንጣጣ ጕልበቱን ስለ ጐዳው የሸክላውን መንኰራኵር በእግሩ እንደ ልብ ማሽከርከር አልቻለም። ስለዚህ አፈርንና ቀለምን ወደ መመርመር አዘነበለ፤ እያንዳንዱን የሙከራ ቍራጭ ቍጥር እየሰጠ ውጤቱን በመዝገብ ይጽፍ ነበር። በ1768 ዓ.ም. እግሩ ሲቈረጥም ሥራውን አልተወም።

በዚህ ትጋት ያሻሻለው ነጣ ያለ ሸክላ በንግሥት ሻርሎት ዘንድ ስለ ተወደደ «የንግሥት ዕቃ» ተባለ። የሩስያዋ ዳግማዊት ካትሪንም ከ900 የሚበልጥ የገበታ ዕቃ አዘዘችው፤ በ1774 ዓ.ም. ተፈጸመ። በየዕቃው ላይ የእንግሊዝ አገር መልክዐ ምድርና ሕንጻ ሲሣል አንዲት አረንጓዴ እንቍራሪት ተጨመረችበት፤ ቤተ መንግሥቱ የሚሠራበት ስፍራ የእንቍራሪት ረግረግ ይባል ነበርና።

ከሁሉ የሚደነቀው ግን በሺህ ከሚቈጠር ሙከራ በኋላ የተገኘው ጃስፐር የተባለው ሸክላ ነው። አፈሩ በኮባልት ሰማያዊ ይደረጋል፤ የሚያብለጨልጭ ቅብ አይቀባም። ነጫጮቹ ምስሎች ለብቻቸው በቅርጽ ማውጫ ተዘጋጅተው በውሃ ይለጠፉና አብረው በእቶን ይተኰሳሉ። በ1787 ዓ.ም. ደግሞ በሰንሰለት የታሰረ ጥቁር ሰው ተንበርክኮ፣ ሰውና ወንድም አይደለሁምን እያለ ሲጠይቅ የሚያሳይ ትንሽ ሜዳልያ አወጣ። የባሪያ ንግድን የሚቃወሙ ሰዎች በጌጥነት ያደርጉት ነበር።

ዌጅዉድ ሸክላው ሳይደርቅ በዕቃው ሥር ስሙን ያትም ነበር። በኋላ ዘመን ሌሎች ሠሪዎች ገዢን ለማታለል በስሙ ላይ አንድ ፊደል ጨምረው እስከ ማተም ደረሱ። የሸክላ ሠሪ ስም ይህን ያህል ዋጋ አገኘ ማለት ነው።

አሁን ምክንያቴን ልንገራችሁ። የእናቴ እናት ሸክላ ሠሪ ነበሩ። ጀበናቸውንና ምጣዳቸውን ገበያተኛው ሁሉ ይሻማበት ነበር፤ እርሳቸውን ግን «ቡዳ» እያለ ይሸሻቸው ነበር። በዕቃቸው ሥር ስም አልነበረም። እኔም ሥራቸውን ለአንድ ጓደኛ እንኳ ተናግሬ አላውቅም። ዌጅዉድ በ1783 ዓ.ም. ለሎንዶን የሳይንስ ንጉሣዊ ማኅበር አባልነት መመረጡን ባነበብሁ ጊዜ፣ በአያቴ ማፈሬ ራሱ አሳፈረኝ። ስለዚህ ሸክላ ሠሪ እንደ ነበሩ በዚህ መጽሔት ይታተምልኝ። እናንተም ቡና ሲቀዳላችሁ ጀበናውን የሠራው ማን እንደ ሆነ ጠይቁ።