ቀለበት የታሰረላት ጉጉት

በጥቅምት ሌሊት፣ በፔንሲልቬንያ ጫካ ውስጥ፣ የተቀዳ የወንድ ጉጉት ጥሪ ከድምፅ ማጉያ ሳያቋርጥ ይሰማል። በዙሪያው የተዘረጋው ስስ ጥቁር የናይለን መረብ በጨለማው አይታይም። ጥሪውን ሰምታ የምትመጣው ጉጉት ሶው-ዌት ትባላለች። ቁመቷ አንድ ስንዝር ያህል፣ ክብደቷ መቶ ግራም ገደማ ነው። ከሚያዙት አብዛኞቹ ሴቶች ናቸው።

ወፎችን ይዞ ቀለበት አስሮ የሚለቀው ጣቢያ ሠራተኞች፣ ብዙዎቹ በጎ ፈቃደኞች፣ መረቡን ቶሎ ቶሎ እየዞሩ ያያሉ። ጉጉቷ መረቡ ላይ ተይዛ ከቆየች ብርዱ ይጎዳታል፤ ትልልቅ ጉጉቶችም ይበሏታል። ዝናብ ወይም ነፋስ ሲበረታ መረቡ ይጠቀለላል። ለእኔ የሥራው ክብር ያለው በዚህ ጥንቃቄ ላይ ነው። ያለ መንግሥት ፈቃድ ወፍ መያዝም ክልክል ነው።

ጉጉቷ ትመዘናለች፣ ክንፏ ይለካል፣ የራሷ ቁጥር ያለው ቀላል የአሉሚኒየም ቀለበት እግሯ ላይ ይታሰራል። እጅግ የሚደንቀው ዕድሜዋ የሚታወቅበት መንገድ ነው። ክንፏን ዘርግተው በታች በኩል አልትራቫዮሌት መብራት ሲያበሩበት አዲስ ላባ ደማቅ ሮዝ ሆኖ ያበራል፤ አሮጌው ይደበዝዛል። ምክንያቱ ፖርፊሪን የሚባል ቀለም ነው፤ ብርሃን ባገኘው ቁጥር እየጠፋ ይሄዳል። ክንፉ ሁሉ እኩል ሮዝ ከሆነ የዘንድሮ ጫጩት ናት፤ ደማቁና ደብዛዛው ከተቀላቀለ ከዓመት በላይ ኖራለች።

ጉጉቶች በሌሊት ሲያዙ፣ ዘማሪ ወፎች ደግሞ የሚያዙት በማለዳ ነው። ባለሙያው የተያዘችውን ወፍ የደረት ላባ እፍ ብሎ ሲገልጠው በስሱ ቆዳ ሥር ቢጫ ስብ ይታየዋል። የመንገድ ስንቋ ነው። ብላክፖል ዋርብለር የምትባለው 12 ግራም ገደማ የምትመዝን ወፍ በመፀው ስብ አጠራቅማ ክብደቷን እጥፍ ልታደርገው ትችላለች። ከዚያ ሁለት ሦስት ቀን ሳታርፍ በአትላንቲክ ላይ ወደ ደቡብ ትበራለች።

ቀለበት የማሰሩ ሥራ የቆየ ነው፤ በ1899 እ.ኤ.አ. ቁጥርና አድራሻ የተቀረጸበት የአሉሚኒየም ቀለበት በወፎች እግር ላይ ማሰር የጀመረው የዴንማርኩ መምህር ሃንስ ክርስቲያን ሞርተንሰን ነው። ቀለበት ከታሰረላቸው ዘማሪ ወፎች ኋላ የሚገኙት ከመቶ አንድ አይሞሉም። ሆኖም ትዕግሥቱ ፍሬ ሰጥቷል፤ ሶው-ዌት ብርቅ ወፍ ትመስል ነበር። ጣቢያዎች ተባብረው በየመፀው መረብ ሲዘረጉ ግን በሺዎች የሚቆጠሩ ጉጉቶች ማንም ሳያያቸው በሌሊት እንደሚያልፉ ታወቀ።

የአሜሪካ የቀለበት መዝገብ የሚጠበቀው ሜሪላንድ፣ ሎረል ውስጥ ነው፤ የአገራችን ሰው በብዛት ከሚኖርበት ሲልቨር ስፕሪንግ ሩቅ አይደለም። እዚያ አገር ቀለበት ያላት የሞተች ወፍ ያገኘ ሰው ቁጥሩን፣ ቀኑንና ቦታውን ቢያሳውቅ፣ ቀለበቱ ለወፏ መቼና የት እንደታሰረላት ይነገረዋል። በሕይወት ካለች ወፍ እግር ላይ ግን ቀለበቱ አይፈታም፤ ቁጥሩ ብቻ ተነብቦ ትለቀቃለች።