አራት መዳፍ፦ ጎማና አላይመንት በጅማ መንገድ

ስለ መኪና ሲወራ ብዙዎቻችን አስቀድመን የምንጠይቀው የሞተሩን ጉልበት ነው። ስለ ስፖርት መኪና ከሆነማ ጨዋታው ሁሉ በሰዓት ስንት ኪሎ ሜትር እንደሚከንፍ ነው። ይሁን እንጂ ሞተሩ የሚያመነጨው ጉልበት፣ ፍሬኑ የሚይዘው ኃይልና መሪው የሚሰጠው ትእዛዝ መሬት የሚደርሱት በአንድ መንገድ ብቻ ነው፤ በጎማው በኩል። ጎማው ካልያዘ የተቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

ጎማው መሬት የሚይዝበት ስፋት ምን ያህል ነው? የሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ ለዚህ መልስ ይበቃናል። 1,200 ኪሎ ግራም የሚመዝን የቤት መኪና እንውሰድ። ክብደቱ ለአራቱ ጎማዎች እኩል ቢከፋፈል እያንዳንዱ 2,940 ኒውተን ያህል ይሸከማል። የጎማው የአየር ግፊት 220 ኪሎ ፓስካል ወይም በጎሚስታው ቋንቋ 32 ያህል ከሆነ፣ ኃይሉን ለግፊቱ ስናካፍል ወደ 134 ካሬ ሴንቲ ሜትር እናገኛለን። ይህ ከአንድ ሰው መዳፍ ብዙም አይበልጥም። እንግዲህ ከጅማ ወደ አጋሮ፣ ወደ ሊሙ ገነት ወይም ወደ ቦንጋ የሚጓዝ ቤተሰብ ሕይወቱን የሚያኖረው በአራት መዳፍ ላስቲክ ላይ ነው ማለት ነው። በዚህ ጽሑፋችን እነዚህ አራት መዳፎች እንዴት እንደሚመረጡና እንዴት ቀጥ ብለው መሬት እንዲረግጡ እንደሚደረግ እንቃኛለን።

የስፖርት መኪና ምን ያስተምረናል?

በጅማ ጎዳናዎች የምናየው ባጃጅ፣ ሚኒባስና አይሱዙ እንጂ የስፖርት መኪና አይደለም። ቢሆንም የስፖርት መኪና ጎማ ከሌላው በላቀ ሁኔታ የተጠናበት መስክ በመሆኑ ከዚያ የሚገኘው ትምህርት ለሚኒባሱም ይጠቅማል።

በክፍል ውስጥ የሰበቃ ኃይል ከክብደት ጋር እኩል እንደሚያድግ ተምረናል። ላስቲክ ግን ለዚህ ሕግ ሙሉ በሙሉ አይገዛም። የተጫነበት ክብደት እጥፍ ሲሆን መሬት የመያዝ አቅሙ ከእጥፍ ያነሰ ነው የሚጨምረው። መኪና ሲታጠፍ ክብደቱ ከውስጠኛው ወደ ውጪኛው ጎማ ይዛወራል፤ ውጪኛው ያተረፈው ውስጠኛው ያጣውን አይተካም። የስፖርት መኪና ወደ መሬት ዝቅ ብሎ የሚሠራውም ይህን የክብደት ዝውውር ለመቀነስ ነው። በአንጻሩ ጣራው ላይ የቡና ጆንያ የደረደረ ሚኒባስ የክብደት ማዕከሉን ሽቅብ ሰቅሎ ወደ ጊቤ ሸለቆ ጠመዝማዛ ሲወርድ፣ የስፖርት መኪና መሐንዲስ የሚሸሸውን ሁሉ በአንድ ላይ ይፈጽማል።

ሁለተኛው ትምህርት የላስቲኩ ዓይነት ነው። ለስላሳ ላስቲክ ወደ አስፋልቱ ጥቃቅን ጉድጓዶች ሰርጎ አጥብቆ ይይዛል፤ ዋጋው ግን ቶሎ ማለቅ ነው። ጠንካራው ደግሞ ዕድሜው ረጅም ሆኖ በእርጥብ መንገድ ላይ ይከዳል። እዚህ ላይ ሙቀት ወሳኝ ነው። የበረዶ ወራት ላላቸው አገሮች የሚሠራ ጎማ ከ7 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በታች እንኳ እንዳይደርቅ ተደርጎ የተቀመመ ነው፤ ጎኑ ላይ የተራራና የበረዶ ቅንጣት ምልክት ይታተምበታል። ከበረዷማ አገር የመጣ ያገለገለ መኪና እንዲህ ያለ ጎማ ይዞ ሊገባ ይችላል። ጎማው አዲስ ቢመስልም ቀኑ ሞቃት በሆነው በጅማ አየር ከልክ በላይ ይለሰልሳል፤ መሪው ይልማል፣ ጥርሱም ሳይቆይ ያልቃል።

በጎማው ጎን የተጻፈው

ብዙውን ጊዜ «195/65 አር 15 91 ቪ» የሚል ጽሑፍ እናያለን። 195 የጎማው ወርድ በሚሊ ሜትር ነው። 65 የጎኑ ከፍታ ከወርዱ በመቶ ስንት እንደሆነ ይነግረናል፤ 127 ሚሊ ሜትር ገደማ መሆኑ ነው። «አር» ክሮቹ ከአንዱ ጠርዝ ወደ ሌላው ቀጥ ብለው የተዘረጉበትን፣ ሚሽለን የተባለው የፈረንሳይ ኩባንያ እ.ኤ.አ. በ1946 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበትን የራዲያል አሠራር ያመለክታል። 15 የቸርኬው ዲያሜትር በኢንች ነው። «ቪ» እስከ 240 ኪሎ ሜትር በሰዓት ፍጥነት መቻሉን ሲያሳይ፣ 91 ደግሞ የጭነት መለያው ሆኖ 615 ኪሎ ግራም ማለት ነው። በቡና ነጋዴ ልኬት እናስላው ካልን፣ አንድ ፈረሱላ 17 ኪሎ ግራም ነውና አንድ ጎማ 36 ፈረሱላ ያህል ይችላል። ከዚህ ላይ ግን የመኪናው የራሱ ክብደትና የተሳፋሪዎቹም መቀነስ አለበት።

ለመልኩ ሲሉ ይህን ጎማ አውልቀው በስፖርታዊው 225/40 አር 18 የሚተኩ አሉ። የሁለቱ ጠቅላላ ከፍታ በ3 ሚሊ ሜትር ያህል ብቻ ስለሚለያይ የፍጥነት መለኪያው ብዙም አይዛባም። የጎኑ ከፍታ ግን ከ127 ወደ 90 ሚሊ ሜትር ይወርዳል። ይህ አጭር ጎን በለሰለሰ ጎዳና ላይ መሪውን ፈጣን ያደርገዋል፤ ከአስፋልቱ ወደ ቡና ማሳዎቹ በሚገነጠለው ጥርጊያ መንገድ ላይ ግን የጉድጓዱን ምት የሚውጥ አየርና ላስቲክ ስለሚያንሰው ምቱን የሚቀበለው ቸርኬው ነው። ወርዱን ማስፋትም ብዙዎች እንደሚገምቱት የመያዣውን ስፋት አያሳድግም። ክብደቱና ግፊቱ እስካልተለወጡ ድረስ መዳፉ ያው መዳፍ ነው፤ ቅርጹ ብቻ አጥሮ ይሰፋል።

የተመረተበትን ጊዜ የሚያሳዩት አራት አኃዞችም ሊነበቡ ይገባል። «2318» የሚለው ጎማው እ.ኤ.አ. በ2018 በ23ኛው ሳምንት፣ በእኛ አቆጣጠር በግንቦት መጨረሻ 2010 ዓ.ም. መሠራቱን ይናገራል። የመጨረሻዎቹን ሁለት አኃዞች በኢትዮጵያ አቆጣጠር 2018 ብሎ የተረጎመ ገዢ ጎማውን በስምንት ዓመት ያህል አሳንሶ ይገዛዋል። ላስቲክ ደግሞ ሳይነዳም በኦክስጅንና በፀሐይ ምክንያት ይደርቃል፣ ይሰነጠቃል።

ዝናብና ቀይ ጭቃ

የጅማ አካባቢ በአገራችን ዝናብ ከሚበዛባቸው ሥፍራዎች አንዱ ነው። የጎማ ጥርስ ዋና ተግባርም ውኃን ከመዳፉ ሥር ማባረር ነው። ውኃው ከሚወጣበት ፍጥነት ጎማው የሚመጣበት ፍጥነት ሲበልጥ ጎማው ከአስፋልቱ ተነሥቶ በውኃው ላይ ይንሳፈፋል። እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ የአሜሪካ የጠፈር ምርምር ተቋም ናሳ በአውሮፕላን ጎማዎች ላይ ካደረገው ጥናት የተገኘ ቀላል ቀመር አለ። የጎማው ግፊት በኪሎ ፓስካል ተወስዶ ስኩዌር ሩቱ በ6.35 ሲባዛ፣ መንሳፈፍ የሚጀምርበት ፍጥነት በሰዓት ኪሎ ሜትር ይገኛል። በ220 ኪሎ ፓስካል ውጤቱ 94 ነው። ግፊቱ ወደ 140 ከወረደ 75 ይሆናል። ነፋስ የጎደለው ጎማ በአንድ ቀን ዝናብ አደጋውን በ20 ኪሎ ሜትር ያህል ያቀርበዋል ማለት ነው።

ከውኃው በተጨማሪ ከማሳ የሚወጡ መኪኖች ቀዩን ጭቃ አስፋልቱ ላይ ያዝረከርኩታል። በሰዓት 80 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ መኪና የሰበቃው መጠን 0.8 በሆነ ደረቅ አስፋልት ላይ ፍሬን ከተያዘ በኋላ በ32 ሜትር ገደማ ይቆማል። መጠኑ በእርጥብ አስፋልት 0.5 ቢሆን 50 ሜትር፣ በጭቃ ተለውሶ 0.3 ቢሆን ደግሞ 84 ሜትር ይፈልጋል። በኩርባው ማዶ ፈረስ የሚነዳ ገበሬ ወይም ከትምህርት ቤት የሚመለስ ሕፃን ቢኖር፣ በ32 እና በ84 መካከል ያለው ልዩነት የሕይወትና የሞት ልዩነት ነው።

ከአዲስ አበባ እስከ ጊቤ

የጅማን መንገድ ለፊዚክስ ተማሪ ልዩ የሚያደርገው የከፍታው መለዋወጥ ነው። ከአዲስ አበባ 2,350 ሜትር ገደማ ከፍታ ተነሥተን ወሊሶንና ወልቂጤን አልፈን ወደ ጊቤ ድልድይ ስንደርስ ከፍታው ወደ 1,100 ሜትር ይወርዳል፤ ከዚያ እንደገና ወጥተን ጅማ የምንገባው በ1,750 ሜትር ገደማ ነው። የጎሚስታው መለኪያ የሚያሳየው በጎማው ውስጥና በውጪው አየር መካከል ያለውን ልዩነት ነው። የከባቢ አየር ግፊት በአዲስ አበባ 76 ኪሎ ፓስካል፣ በጊቤ 89 ገደማ ነው። ስለዚህ አዲስ አበባ ላይ 220 የተሞላ ጎማ ሙቀቱ ባይለወጥ ኖሮ ጊቤ ላይ 207 ያነብ ነበር።

ነገር ግን ጊቤ በረሃ ነው። በ15 ዲግሪ ተሞልቶ የተነሣው አየር 27 ዲግሪ ሲደርስ በውስጡ ያለው ጠቅላላ ግፊት ከ296 ወደ 308 ያድጋል። ከዚህ ላይ 89ን ስንቀንስ 219 እናገኛለን። ከፍታው የወሰደውን ሙቀቱ መለሰው። የቀረው ጭማሪ ከጎማው መተጣጠፍና ከፍሬኑ ግለት የሚመጣ ነው። በዚህ ሰዓት «በዛ» ተብሎ ነፋስ ቢቀነስ፣ ጎማው በማግሥቱ ጅማ ላይ ቀዝቅዞ ሲያድር ጎድሎ ይገኛል። ግፊት መለካት ያለበት ጠዋት፣ መኪናው ሳይነሣ ነው።

አላይመንት፦ ሦስቱ ማዕዘኖች

ጎማው በደንብ ቢመረጥም ጠማማ ከሄደ ዋጋ የለውም። የመጀመሪያው ማዕዘን ቶ ይባላል፤ የፊት ጎማዎች አፍንጫ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ መዞሩን ይገልጻል። ባለ 15 ኢንች ቸርኬ ላይ ቶው በጠቅላላ 3 ሚሊ ሜትር ቢሳሳት፣ እያንዳንዱ ጎማ በየኪሎ ሜትሩ 4 ሜትር ያህል ወደ ጎን ይጎተታል። በ350 ኪሎ ሜትሩ የአዲስ አበባ–ጅማ ጉዞ ይህ 1.4 ኪሎ ሜትር ገደማ ይሆናል። ጎማ እንደ ሞረድ አስፋልቱ ላይ ይህን ያህል ከተፋቀ ጥርሱ ለምን በአንድ ወር እንዳለቀ ጎሚስታውን መውቀስ አይገባም።

ሁለተኛው ካምበር ነው፤ ጎማው ከፊት ሲታይ ከራሱ ወደ ውስጥ ወይም ወደ ውጭ ማዘንበሉ። የውድድር መኪና ጎማዎች ከራሳቸው ወደ ውስጥ በርከት ባለ ዲግሪ ያዘነብላሉ፤ በኩርባ ላይ መኪናው ሲጋደል ውጪኛው ጎማ ሙሉ መዳፉን መሬት እንዲያስረግጥ ነው። አብዛኛውን ጊዜ ቀጥታ ለሚነዳ መኪና ግን ይህ የውስጠኛውን ጠርዝ ብቻ ይጨርሳል። ሦስተኛው ካስተር፣ መሪው የሚዞርበት ዘንግ ከጎን ሲታይ ወደ ኋላ ማዘንበሉ ነው። ከኩርባ ስንወጣ መሪው በራሱ ወደ መሐል የሚመለሰው በአብዛኛው በእርሱ ነው። መንገዳችን ለዝናብ ማፍሰሻ ከመሐል ወደ ዳር ስለሚያዘነብልና የምንነዳውም በቀኝ በመሆኑ፣ መኪና በጥቂቱ ወደ ቀኝ መሳቡ ሁልጊዜ የብልሽት ምልክት አይደለም።

ቅደም ተከተሉም አለው። አስቀድሞ የጎማው ግፊት ይስተካከላል፤ ቀጥሎ የላላ የመሪ መገጣጠሚያ፣ ኩሽኔታና አሞርዛተር ይታያል፤ አላይመንቱ የመጨረሻው ሥራ ነው። በላላ ዕቃ ላይ የተሠራ አላይመንት የመጀመሪያው ጉድጓድ ላይ ይፈርሳል።

አዲሱ እንግዳ

መንግሥት በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ከወሰነ ወዲህ የኤሌክትሪክ መኪናዎች እየበዙ ነው። እነዚህ ባትሪያቸው ከባድ ሲሆን፣ የሞተራቸው ጉልበት ደግሞ ከቆሙበት በቅጽበት ይመጣል። በጸባያቸው ከምናስበው በላይ የስፖርት መኪናን ይመስላሉ፤ ጎማም እንደዚያው በቶሎ ይበላሉ። የጭነት መለያውን ማንበብና ቶውን ማስለካት ለእነርሱ ይበልጥ ያስፈልጋል።

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ሁሉ በቀላሉ ልትፈትኑት ትችላላችሁ። የቆመ መኪና ጎማ ዙሪያውን መሬቱ ላይ በጠመኔ ምልክት አድርጉ፤ መኪናው ሲነሣ የቀረውን ቅርጽ ስፋት ለኩና በግፊቱ አባዙት። የአራቱ ድምር ከመኪናው ክብደት ጋር ይቀራረባል፤ ልዩነት ቢኖር የጎማው ጎን ራሱ የሚሸከመውና የጥርሶቹ ክፍተት ያመጡት ነው። ከዚያ በኋላ ሚኒባስ ስትሳፈሩ ዓይናችሁ አስቀድሞ ወዴት እንደሚያይ እናውቃለን። ጥርሱ ያለቀበትን ጎማ አይቶ «ይህ መኪና አይሄድም» ማለት የሚችል ተሳፋሪ ሲበዛ፣ የጊቤ ቁልቁለት የሚወስደው ሕይወት ይቀንሳል።