ከእንጉዳይ ቤት የሚወጣው ተረፈ ምርት

እንጉዳይ ተለቅሞ ሲያልቅ ከረጢቱ ውስጥ የሚቀረው ጭድ፣ ሳጋቱራ ወይም የጥጥ ፍሬ ገለባ ቀላል አይደለም፤ ለ1 ኪሎ እንጉዳይ 5 ኪሎ ያህል እርጥብ ተረፈ ምርት እንደሚወጣ ይገመታል። አብዛኛው ይጣላል፤ ቢበዛ ለኮምፖስት ይውላል። ነገር ግን ከረጢቱ ሲቀደድ ጭዱን ጠፍሮ የሚታየው ነጭ ድር ገና ያልሞተ ፈንገስ ነው። አፈር ወለድ በሽታን ለመከላከል የሚፈለገውም በአብዛኛው ይህ ሕይወት ነው።

የኦይስተር እንጉዳይ ጥሩ ማሳያ ነው። የሚያድግበት እንጨትና ጭድ ናይትሮጅን በጣም ስለሚያንሰው፣ ፈንገሱ ኔማቶድ የተባሉትን ደቃቅ ትሎች እየገደለ የጎደለውን ያሟላል። የካናዳ ተመራማሪዎች ይህን በ1984 እ.ኤ.አ. ይፋ አደረጉ። በድሩ ላይ፣ በአጉሊ መነጽር ብቻ የሚታዩ፣ እንጨት ላይ እንደተሰካ ከረሜላ ያሉ እብጠቶች አሉ። ትሉ ነክቷቸው ሲፈነዱ መርዝ ይለቃሉ፤ ትሉ ወዲያው ሽባ ይሆናል፤ ድሩም ወደ ሰውነቱ ዘልቆ ይመገበዋል። በ2023 እ.ኤ.አ. የታይዋን ተመራማሪዎች መርዙ 3-ኦክታኖን የተባለ ተናኝ ውህድ መሆኑን አሳዩ። የቲማቲምና የካሮትን ሥር የሚያሳብጡ ትሎች የዚሁ ወገን በመሆናቸው ተረፈ ምርቱ በእነሱ ላይም ተሞክሯል።

ተረፈ ምርቱ ሥር አበስባሽና አጠውላጊ ፈንገሶችን የሚቋቋመው በሌላ መንገድ ነው። በውስጡ የሚራቡት ባሲለስ የተባለው ባክቴሪያና ትራይኮደርማ የተባለው ፈንገስ ከበሽታ አምጪው ጋር ምግብና ቦታ ይሻማሉ፤ የፈንገስ ግድግዳ የሚያፈርሱ ኢንዛይሞችም ያመነጫሉ። የሚገርመው፣ አንዳንድ የትራይኮደርማ ዝርያዎች ለእንጉዳይ አምራቹ አረንጓዴ ሻጋታ ሆነው ምርት የሚያጠፉ ጠላቶች ናቸው፤ ዘመዶቻቸው ግን ለአትክልት ገበሬው ወዳጆች።

የባክቴሪያ አጠውልግ ለየት ይላል። በ2012 እ.ኤ.አ. በደቡብ ኢትዮጵያ የዝንጅብል ማሳዎችን ያወደመው ይህ በሽታ በዘሩ ጭምር ስለሚዛመት፣ ንጹሕ ዘር ካልተገኘ ተረፈ ምርት ብቻውን አያድንም።

አጠቃቀሙም ጥንቃቄ ይሻል። ትኩሱ ጭድ በአፈር ውስጥ ሲበሰብስ የሰብሉን ናይትሮጅን ይሻማል፤ የነጭ እንጉዳይ ኮምፖስት ደግሞ ጨው ስለሚበዛበት ለችግኝ ከመዋሉ በፊት ዝናብ ቢያጥበው ወይም በውኃ ቢታጠብ ይመረጣል። ብዙ ትልልቅ እርሻዎች ተባይ ለመግደል ምርት ሲያበቃ ቤቱን በእንፋሎት ያግላሉ፤ ይህ ድሩንም ስለሚገድል፣ ለኔማቶድ የታሰበው ተረፈ ምርት ካልጋለ ቤት መወሰድ አለበት።